«በሞቴ አንዴ ጉረስ»

ዛሬ ከወትሮው ከበድ ያለ ጉዳይ ይዤ ቀርቤያለሁ። በየአጥቢያችን በካንሰር የታመመ ወገን፣ እርሱን የሚያስታምም የትዳር ጓደኛም አለና፣ ጉዳዩን ማንሣቱ ይጠቅመን እንደ ሆነ እንጂ አይጎዳንም።

ከአንዲት እህት ልጀምር። ባለቤቷ የጨጓራ ካንሰር ከተገኘበት ወራት ተቆጥረዋል። አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ የግቢው ጥግ ላይ ይዛ አቆመችኝና፣ «እህቴ፣ ልንገርሽ፤ ቤታችን የጠብ ቤት ሆነ» አለችኝ። ከሃያ ዓመት በላይ በትዳር ሲኖሩ በገንዘብም በዘመድም ያልተጣሉ ሰዎች አሁን በማዕድ ይጣላሉ። ጠዋት ገንፎ፣ ቀትር ላይ ሾርባ፣ ማታ ደግሞ ድሮ የሚወደውን አልጫ ታቀርብለታለች። እርሱ ሁለት ጊዜ ጎርሶ ፊቱን ያዞራል። «በሞቴ አንዴ ጉረስ» ትለዋለች። እርሷን ላለማስቀየም ይጎርሳል፤ ብዙም ሳይቆይ ያስመልሰዋል። ከዚያ እርሷ ወጥ ቤት ገብታ ታለቅሳለች፣ እርሱ ወደ ግድግዳው ዞሮ ይተኛል። (እኛ «በሞቴ» ማለት መሐላ ነው፣ አይገባም እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን። ማዕድ ላይ ስንቀርብ ግን ማን ያስታውሰዋል?)

ከ74 ኪሎ ወደ 63 ወርዷል። የጋብቻ ቀለበቱ ከጣቱ እየወለቀ ስላስቸገረ በክር ጠቅልላ አጥብባለታለች። «ሊጠይቁት የሚመጡት ወገኖች መጀመሪያ እርሱን ያያሉ፤ ቀጥለው እኔን ያያሉ። አትመግቢውም እንዴ የሚሉኝ ይመስለኛል» አለች። ቀጥላም፣ «እውነቱን ንገሪኝ፤ እኔ ነኝ ያስራብኩት?» ስትል ጠየቀችኝ።

መልሱን ሳላዘገይ ልናገር። እህቴ፣ አላስራብሽውም። እንደዚሁ ለምትጠይቁ ሁሉ ምክንያቱን ባውቀው መጠን ላስረዳ።

ክሳት ሁሉ አንድ አይደለም

በአገራችን ክሳትን የምናውቀው በረሃብ ነው። በ1977 ዓ.ም. የነበረውን ረሃብ ያየ ሰው፣ ከሞት ተርፈው እህል ያገኙት ወገኖች በጥንቃቄ ሲመገቡ ሥጋቸው እንዴት እንደ ተመለሰ ያስታውሳል። ሰውነት ምግብ ሲያጣ ቆጣቢ ይሆናል። የሚያጠፋውን ኃይል ይቀንሳል፣ ያከማቸውን ስብ ያቃጥላል፣ ጡንቻውን በተቻለው መጠን ያቆያል። ማገዶ እንደምትቆጥብ ባለቤት ነው ማለት ይቻላል። ካንሰር የሚያመጣው ክሳት ጠባዩ ሌላ ነው። ማገዶው በጓሮ ተከምሮ ሳለ የቤቱን ምሰሶ እየነቀለ ይማግዳል። ምሰሶው ጡንቻችን ነው።

ሐኪሞች ይህን ሁኔታ «ካኬክሲያ» ይሉታል፤ ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን «መጥፎ ሁኔታ» እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ከተለያዩ አገሮች የተሰባሰቡ ባለሙያዎች በትርጉሙ ላይ ተስማምተዋል። የስምምነቱ ፍሬ ነገር የአጥንት ጡንቻ ያለማቋረጥ እየተመናመነ መሄዱና በተለመደው መንገድ በመመገብ ብቻ ሙሉ በሙሉ ሊመለስ አለመቻሉ ነው። እባካችሁ ይህን የመጨረሻውን ሐረግ ደግማችሁ አንብቡት። «በመመገብ ብቻ ሙሉ በሙሉ አይመለስም» የሚለው በሕክምናው ትርጉም ውስጥ ተጽፎ ሳለ፣ ስንቱ ሚስት፣ ስንቱ ባል፣ ስንቷ እናት ራሷን ስትከስስ ትኖራለች!

ለመሆኑ በሰውነት ውስጥ ምን ይካሄዳል? ዕጢው ራሱ፣ ዕጢውን ሊዋጋ የተነሣው የሰውነት መከላከያም ወደ ደም የሚለቋቸው ኬሚካላዊ መልእክተኞች አሉ። ወባ ሲይዘን የሚያተኩሰን፣ ቁርጥማት የሚለቅብንና ምግብ የሚያስጠላን በእነዚሁ ዓይነት መልእክተኞች አማካይነት ነው። ወባው ግን ሲታከም በቀናት ውስጥ ይለቃል፤ ካንሰሩ መልእክቱን ለወራት ሳያቋርጥ ይልካል። ጡንቻ በየቀኑ የሚፈርስና የሚታደስ ነገር ነው። በዚህ መልእክት ምክንያት መፍረሱ ይፈጥናል፣ መታደሱ ይዘገያል። ጉበትም ከጡንቻ የወጣውን ፕሮቲን እየወሰደ ለሰውነት መቆጣት የሚያገለግሉ ሌሎች ፕሮቲኖች ይሠራበታል። ዕጢው ስኳር ተጠቅሞ የሚጥለውን ተረፈ ነገር ጉበት እንደ ገና ወደ ስኳር ይለውጠዋል፤ ይህም ኃይል ያባክናል። እንግዲህ ሰውየው አልጋ ላይ ተኝቶ እንኳ ውስጡ ሥራ አልፈታም።

አንድ የሚያስገርም ታሪክ ላክልበት። ተመራማሪዎች እንስሳትን የሚያከሳ ንጥረ ነገር አግኝተው ከካኬክሲያ ስም በመነሣት «ካኬክቲን» ብለው ሰይመውት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 ይህ ንጥረ ነገር ሌሎች ተመራማሪዎች ዕጢን የሚገድል ብለው ከሚያውቁት ቲኤንኤፍ ከተባለው የሰውነት መሣሪያ ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። ሰውነት ጠላቱን ሊወጋበት ያነሣው ጦር የራሱንም ቤት ይወጋል ማለት ነው።

የምግብ ፍላጎቱም ቢሆን ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ጂዲኤፍ-15 የሚባል መልእክተኛ በብዙ ሕመምተኞች ደም ውስጥ ይጨምርና በአንጎል የታችኛው ክፍል ያለውን ተቀባይ ሲነካ ምግብ ያስጠላል፣ ያቅለሸልሻል። ስለዚህ ባልሽ ፊቱን ሲያዞር ከአንቺም ከወጥሽም አይደለም የሚያዞረው። አንተም ወንድሜ፣ ሚስትህ «በቃኝ» ስትልህ እልኸኛ ሆና፣ ተስፋ ቆርጣ ወይም እምነቷ ደክሞ ነው ብለህ አትደምድም።

ሚዛኑ ምን ይላል?

ይህ ክሳት በተለይ የቆሽት፣ የጨጓራ፣ የምግብ ቧንቧና የሳንባ ካንሰር ባለባቸው ላይ ይበረታል። በአርሲና በባሌ አካባቢ በርከት ብሎ የሚታየው የምግብ ቧንቧ ካንሰር ደግሞ ችግሩን እጥፍ ያደርገዋል፤ በአንድ በኩል ምግቡ በጠበበው መንገድ አያልፍም፣ በሌላ በኩል ያለፈውም ጡንቻ አይሆንም። የመዋጥ ችግሩን ሐኪም መንገዱን የሚከፍት ቱቦ በማስገባት ወይም በሌላ ዘዴ ሊያቃልለው ይችላልና «ቢበላ ኖሮ» እያሉ ቤት ከመቀመጥ ቶሎ መጠየቅ ይሻላል።

ባለሙያዎቹ ከተስማሙባቸው መለኪያዎች አንዱ ቀላል ነው። ሰውየው ሳይፈልግ በስድስት ወር ውስጥ ከክብደቱ ከ5 በመቶ በላይ ከቀነሰ ካኬክሲያ አለ ይባላል። 70 ኪሎ የነበረ ሰው 3 ኪሎ ተኩል ማለት ነው። ቀድሞውኑ ቀጭን ለነበረ ሰው ከ2 በመቶ በላይም ይበቃል። አያችሁ፣ ጉንጭ እስኪጎደጉድ አይጠበቅም። በሳምንት አንድ ቀን፣ በተመሳሳይ ሰዓትና ልብስ መዝኑና ደብተር ላይ ጻፉ። ሚዛን ከሌላችሁ ቀበቶውን፣ ቀለበቱን፣ ከወንበር ሲነሣ በእጁ መደገፍ መጀመሩን አስተውሉ። አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ሆድ ውስጥ ውሃ ሲቋጥር ወይም እግር ሲያብጥ ሚዛኑ «ጨመረ» ይላል፣ ጡንቻው ግን በሥር እየሟሟ ነው። ወፍራም የነበረ ሰውም ውፍረቱ ይሸፍንበታል።

ጡንቻ ጉልበት ብቻ አይደለም። የምንተነፍሰው፣ አክታ የምንተፋው በጡንቻ ነው። ጡንቻቸው የሳሳ ሕመምተኞች ኬሞቴራፒው ይከብዳቸዋል፤ አንዳንዴም መጠኑ እንዲቀነስ ወይም እንዲዘገይ ግድ ይሆናል። ስለዚህ ደብተሩን ወደ ሐኪም ይዛችሁ ሂዱ። ወንዶቻችን ሐኪም ፊት ሲቀርቡ «ደህና ነኝ» ማለት ይወዳሉ። ሚስቶች፣ አብራችሁ ግቡ።

ሐኪሙ ሊያስተካክላቸው የሚችላቸው የመብላት እንቅፋቶች ብዙ ናቸው። የአፍ ቁስለት፣ ምላስ ላይ የሚወጣ ነጭ ሽፋን፣ ያልታገሠ ሕመም፣ ማቅለሽለሽ፣ ከሕመም ማስታገሻው የመጣ የሆድ ድርቀት፣ ከባድ ኀዘን። በተለይ የሆድ ድርቀት ለመናገር ያሳፍራል፤ ሳምንት ሙሉ ያልተጸዳዳ ሰው ግን እንዴት ይርበዋል?

ስለ ማዕዱ

ምግብ ብቻውን ሙሉ በሙሉ አይመልሰውም ማለት ምግብ አይጠቅምም ማለት አይደለም። መፍረሱን ያዘገያል፣ ለሕክምናው አቅም ይሰጣል። የአውሮፓ የሥነ ምግብ ባለሙያዎች መመሪያ ለካንሰር ሕመምተኛ በየቀኑ ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ1 ግራም በላይ፣ ቢቻል እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ይመክራል። ለ50 ኪሎ ሰው ከ50 እስከ 75 ግራም ይሆናል። አንድ እንቁላል ወደ 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት ወደ 8 ግራም እንዳለው አስቡና ቁጠሩ። ኩላሊቱ የተጎዳ ከሆነ ግን አስቀድሞ ሐኪሙን ጠይቁ።

ትሪ ሙሉ እንጀራ ፊቱ አታስቀምጡ፤ ገና ሲያየው ይጠግባል። በሻይ ማስቀመጫ ሳህን፣ ጥቂት በጥቂት፣ በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ ስጡት። ያችን ጥቂት ግን አበልጽጓት። አጥሚቱ በውሃ ብቻ ሳይሆን በወተት ይሠራ፣ ቅቤ ይግባበት፤ ሾርባው ውስጥ እንቁላል ይመታበት፤ ሽሮው ላይ አይብ ጣል ይደረግ። ብዙዎች ጠዋት ላይ ይሻላቸዋልና ዋናውን ምግብ ወደ ጠዋት አምጡት። የቁሌት ሽታ የሚያስመልሰው ከሆነ ከእርሱ ራቅ ብላችሁ ሥሩ፤ ቀዝቀዝ ያለ ምግብ ሽታው ያንሳል። «ብረት ብረት ይለኛል» ካለ የፕላስቲክ ማንኪያ ሞክሩ። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ይቅር፤ በተለይ ኬሞ ላይ ላለ ሰው አደገኛ ነው።

«ካንሰር ስኳር ስለሚወድ ጣፋጭ አትስጡት፣ ሥጋም አትስጡት፣ ዕጢው ይራብ» የሚል ምክር በየቤቱ ሲዞር እሰማለሁ። ዕጢው ከሰውየው ጡንቻ ይወስዳል እንጂ አይራብም። የሚራበው ሕመምተኛው ነው። ስኳር በሽታ ከሌለበት በቀር ማር የተቀባ ዳቦ ካማረው ይብላ።

«ግሉኮስ ይሰካለት» የሚለውም ልማዳችን ነው። አንድ ሊትር የተለመደው 5 በመቶ ግሉኮስ በውስጡ ያለው 50 ግራም ስኳር ነው፤ ከ200 ካሎሪ አይሞላም፣ ፕሮቲን ደግሞ ጨርሶ የለውም። 50 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀን ከ1,250 እስከ 1,500 ካሎሪ ያስፈልገዋል። ውሃ ለጠማው ሰውነት ይረዳ ይሆናል፤ ምግብ ነው ብሎ ለእርሱ ገንዘብ ማፍሰስ ግን አያዋጣም።

ስለ ጾምም በግልጽ እንነጋገር። ለታመመው ወገን ቤተ ክርስቲያን ጾምና ጸሎት ትይዛለች፤ መልካም ነው። ነገር ግን ሕመምተኛው ራሱ «ሰው ለእኔ እየጾመ እኔ እንዴት እበላለሁ?» ብሎ አብሮ ሦስት ቀን ሲጾም አይቻለሁ። ጡንቻው እየፈረሰ ላለ ሰው ይህ ሦስት ቀን ቀላል አይደለም። ኤልያስ በክትክታው ዛፍ ሥር ተኝቶ ሳለ የመጣለት እንጎቻና ውሃ ነበር፤ በልቶ ተኛ፣ እንደ ገና ተቀስቅሶ በላ። ሽማግሌዎች፣ ይህን ለታመመው ወገን በአንደበታችሁ ንገሩት። ከእናንተ ካልሰማው የሚስቱን ቃል አይቀበልም።

ሌላው ጉዳይ እንቅስቃሴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ጤነኛ አረጋውያንን ለ10 ቀን አልጋ ላይ አቆይቶ ነበር፤ ከእግራቸው ብቻ ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ጡንቻ አጡ። ጤነኛው እንዲህ ከሆነ ሕመምተኛው እንዴት ይሆን! «አትነሣ፣ እኔ አመጣልሃለሁ» የሚለው ፍቅራችን ይጎዳዋል። ሐኪሙ ካልከለከለው እስከ በሩ ይሂድ፣ ከወንበር አምስት ጊዜ ይነሣና ይቀመጥ፣ ነገ ስድስት። ለጥየቃ የምትሄዱ ወገኖች፣ አልጋውን ከብባችሁ ሁለት ሰዓት ከመቀመጥ ክንዱን ይዛችሁ እስከ አጥሩ አንድ ጊዜ ብታመላልሱት ትልቅ አገልግሎት ነው። «ምነው እንዲህ ከሳህ!» የሚለውን ሰላምታ ደግሞ እባካችሁ ከበር ውጭ ተዉት። መክሳቱን መስተዋቱ ነግሮታል።

መድኃኒትስ የለም ወይ? ለጥቂት ሳምንት የምግብ ፍላጎት የሚከፍቱ እንደ ዴክሳሜታሶን ያሉ አሉ፤ ሲቆዩ ግን ራሳቸው ጡንቻ ያሳሳሉ። ኦላንዛፒን የተባለው መድኃኒት በሕንድ 124 ሕመምተኞች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ታትሟል። ኬሞ ሲጀምሩ በየቀኑ 2.5 ሚሊ ግራም ከወሰዱት ከመቶው 60ው ክብደታቸው ከ5 በመቶ በላይ ሲጨምር፣ ካልወሰዱት ግን ከመቶው 9ኙ ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የካንሰር ሐኪሞች ማኅበር በመመሪያው አስገብቶታል። መድኃኒቱ በመሠረቱ ለአእምሮ ሕመም የሚታዘዝ ነውና ሐኪም ቢያዝላችሁ «ባሌን እብድ አሉት» ብላችሁ አትደንግጡ፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ደግሞ አትግዙት። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2021 አናሞሬሊን የተባለ ክኒን ለዚሁ ችግር ፈቅዳለች። ቀደም ብዬ ያነሣሁትን ጂዲኤፍ-15 የሚይዝ ፖንሴግሮማብ የተባለ መርፌም በ187 ሕመምተኞች ላይ ተሞክሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በታተመው ውጤት መሠረት ከፍተኛውን መጠን የወሰዱት በ12 ሳምንት ውስጥ ባዶ መርፌ ከተሰጣቸው ይልቅ በአማካይ 2.8 ኪሎ ብልጫ አሳይተዋል። ትንሽ ይመስላል፤ ሆኖም መንገዱ መታወቁ ራሱ አንድ ነገር ነው።

«በቃኝ» ሲል

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። ሕመሙ ከተራመደ በኋላ ሰውነት ምግብን ወደ ጡንቻ መለወጥ የሚያቆምበት ጊዜ ይመጣል። በዚያ ወቅት በግድ የሚጎረስ ምግብ ኃይል አይሆንም፤ ያስመልሳል፣ ትን ይላል፣ ሆድ ይነፋል። ብዙዎቹ ሕመምተኞች በዚህ ደረጃ የረሃብ ስሜት አይሰማቸውም። እየሞተ ያለው ስላልበላ አይደለም፤ ሕመሙ ስለ ጠናበት ነው መብላት ያቆመው። ይህ ጊዜ መድረሱን ግን በግምት አትወስኑ፤ ሐኪሙን ፊት ለፊት ጠይቁት። መድረሱን ካረጋገጠላችሁ ማንኪያውን ማስቀመጥ ጭካኔ አይደለም። ከንፈሩን በረጠበ ጥጥ ማራስ፣ አፉን ማጽዳት፣ እግሩን በቅባት ማሸት፣ ያማረውን በጣት ጫፍ ማቅመስ አለ። እጅ ሥራ አይፈታም።

ያችን እህት በቅርቡ ቤቷ ሄጄ አየኋት። ትሪውን በትንሽ ሳህን ለውጣለች። በሆድ ድርቀትና በማቅለሽለሽ መድኃኒት ተሰጥቶት ነበርና ባለቤቷ ከአራት ሳምንት በላይ ከ63 ኪሎ አልወረደም። ኋላ ግን ጉበቱ ላይ መዛመቱ ታየና መውረዱ ቀጠለ። አሁን በቀን የሚበላው ጥቂት ማንኪያ እርጎ ነው። እርሷ «ብላ» ማለቱን ትታዋለች። ቡና ስታፈላ አልጋውን ወደ ሳሎን ታስጠጋለች፤ አይጠጣም፣ ሽታውን ግን ይወደዋል።

እርሷም በጣም ከስታ ነበር። ራት ስትበላ ያየሁት ያን ዕለት ነው። አጠገቡ ተቀምጣ ሽሮ በሳህን ይዛ ትነካካለች። ያየኋትን ሳልደብቅ፣ «አንቺስ በልተሻል?» አልኳት። መልስ ሳትሰጠኝ እርሱ ከትራሱ ቀና አለና ሳህኑን እንድታቀርብለት በእጁ ጠራት። ለራሱ መስሏት ማንኪያ ፈለገች። እርሱ ግን ከእንጀራው ቆረሰ፣ ወጡን አጠቀሰ፣ እየተንቀጠቀጠ ወደ አፏ አቀረበላት። ቀለበቱ ላይ ያለው ክር ሽሮ ነካው። ጎረሰች፤ እርሱም ትራሱ ላይ ተመልሶ ተኛና እስክትጨርስ ያያት ጀመር።